የአንደኛ ዓመት ተማሪዋን አልጋ ለአንድ ሴሚስተር ያዙላት፦ ከአንዲት አከራይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከዶርም ወጥተው ቤት ስለሚከራዩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኔ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር የምኖር፣ በግቢዬ ውስጥ ካሉት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ሁለቱን ላለፉት ስድስት ዓመታት ለተማሪዎች ሳከራይ የቆየሁ ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ደግሞ ዓምና ከአዲስ አበባ ርቆ ወደሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ በዶርም ይኖራል። የሰው ልጆች በእኔ ክፍል፣ የእኔ ልጅ በሰው ግቢ ስለሚያድሩ ነገሩን ከሁለቱም በኩል የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። የምጠይቃችሁ ነገር ተግባራዊ ቢሆን ከኪራይ ገቢዬ ላይ የሚቀንስ መሆኑን አውቄ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከዶርም ወጥቶ ቤት ለመከራየት ሲወስን፣ በዚያው ሴሚስተር ውስጥ ሐሳቡን ቢቀይር የሚመለስበት አልጋ ይኑረው። ውሳኔውን ከመፈረሙ በፊትም ምን እየተወና ምን እየገባበት እንደሆነ በግልጽ ይነገረው።

በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የግቢዬ በር ይንኳኳል። ደላላው ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው ይገባሉ። ዓምና በኅዳር ወር የመጣችውን ልጅ አልረሳትም። በገመድ የታሰረ የስፖንጅ ፍራሽ በባጃጅ ጭና፣ በአንድ እጇ ሰማያዊ ባልዲ፣ በሌላው ክላሰር ይዛ ነበር የገባችው። የመጣችው ከደቡብ ወሎ ነው። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ማዘር፣ ቁልፉ የብቻዬ ነው?» ብላ ነው። ስድስት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆይታለች። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በስልክ ታወራለች፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ባልዲ ይሰለፋሉ፤ የሎከሯ ቁልፍ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ የተሰበረ ነው። የራሷ ቁልፍ ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል ለዚያች ልጅ ትልቅ ዕረፍት መስላ ብትታያት አልፈርድባትም። እንኳን እሷ፣ የእኔም ልጅ በመጀመሪያው ወር ደውሎ «እማዬ፣ ትኋኑ አላስተኛ አለኝ፤ ውጭ ልከራይ» ብሎኛል።

ያን ዕለት ያልነገርኳት ነገር ነበር። ወደ ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን መሆኑንና ሮቶው ባዶ ሲሆን ጄሪካን እንደምንገዛ፣ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው የአሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ የመንገድ መብራት እንደሌለው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ባጃጅ ማግኘት የዕድል ጉዳይ መሆኑን አልነገርኳትም። አልዋሸኋትም፤ አልጠየቀችኝም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የምትከራይ ልጅ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ከየት ታውቃለች? ይህን ሊነግራት የሚገባው ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አላምንም። የዶርም መልቀቂያውን ያስፈረማትም የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ሊነግራት ይገባ ነበር።

የኪራዩን ሒሳብ ላስቀምጥ። የክፍሏ ኪራይ በወር 4,000 ብር ነው፤ ለሁለት ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 2,000 ብር ይደርሳቸዋል። ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም የሚታየው ይህች ቁጥር ብቻ ናት። ሆኖም በገቡበት ዕለት የሁለት ወር ቅድሚያ 8,000 ብር ይከፍላሉ፤ ለደላላው ለብቻው ይሰጣሉ፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ድስትና ሳህን ይገዛሉ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ የመብራቱ ሒሳብ በየወሩ ይከፋፈላል፤ ምድጃ የሚጠቀምና የማይጠቀም እኩል ሲከፍል ጭቅጭቅ ይነሣል። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ባጃጅና ታክሲ አለ። ምግቡም እንዲሁ አይቆጠርም። ውጭ እየኖረ በካፌ (በግቢው መመገቢያ አዳራሽ) የሚበላ ተማሪ ቁርስ ለመድረስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መነሣት አለበት፤ እራት በልቶ ሲወጣ ደግሞ ይመሽበታል። ስለዚህ ሁለቱንም እየተወ ምሳ ብቻ ሲበላ ይከርምና በመጨረሻ ኖን ካፌ ይሆናል፤ ማለትም በካፌው መብላቱን ትቶ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። ያቺ የምትሰጠው ገንዘብ ደግሞ በዚህ ኑሮ ከወሩ አጋማሽ አታልፍም። እኔ ከድስቴ ስንት ጊዜ እንደቀነስኩላቸው አልቆጥረውም፤ ግን ሁሉም አከራይ ይህን ያደርጋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ።

በዚህ ላይ ልጆቹ ከቶ የማያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን የሚጋራ ሲሆን፣ አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየተቆረጠ ነው። እንግዲህ የዶርሙ ዕዳ ነገ ከደመወዝ የሚወጣ ነው፤ የእኔ ኪራይ ግን አባት በሬውን ሸጦ ዛሬ የሚልከው ጥሬ ገንዘብ ነው። የደቡብ ወሎዋ ልጅ አባት የመጀመሪያውን 8,000 ብር በባንክ ሲልኩ ደውለው፣ «እትዬ፣ ልጄን አደራ፤ መንግሥት አያስተኛቸውም እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ልጃቸው የተሰጣትን አልጋ በፊርማዋ እንደለቀቀች አላወቁም ነበር። መንገር የእኔ ድርሻ ስላልመሰለኝ «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለ ሕመም ላንሣ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የገፋፋኝ በዋናነት እሱ ነውና። ታኅሣሥ ላይ ክፍሏን የምትጋራት ልጅ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገሯ ሄዳ ነበር። አንድ ማለዳ እኔ ወደ ሥራ ስወጣ በሯ ተዘግቶ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ስመለስም እንደተዘጋ ነው። ጫማዋ በደጃፉ ላይ ጠዋት እንደነበረው ተቀምጧል። ብጠራት ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማኝ። ከሌሊት ጀምሮ ትኩሳት ይዟት፣ ስልኳ ቻርጅ ጨርሶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሃ እንኳ የሚያቀብላት ሳታገኝ ነው የዋለችው። ጎረቤት ጠርቼ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ተሻላት። በዚያው ዓመት የእኔ ልጅ በዶርሙ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ትኩሳት ሲነሣበት፣ ከታችኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛው ፕሮክተሩን (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ቀስቅሶ፣ ሁለቱ ደግፈውት፣ በግቢው ክሊኒክ መርፌ ተወግቶ ነው ያደረው። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ ከዳነ በኋላ ነው። ትኋኑ፣ ጫጫታው፣ የውሃ ወረፋው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ልጄን ያተረፈው ከእሱ ጋር አምስት ሰው በአንድ ክፍል ማደሩ ነው።

ከሕመሙ በኋላ ልጅቷ ወደ ዶርም መመለስ ፈለገች። አብሬያት ሄድኩ። የግቢውን ስም የማልጠቅሰው ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች አከራዮች ስለሰማሁ ነው። የተቀበለን ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠን፤ ፋይሉን አውጥቶ በኅዳር ወር የፈረመችበትን ቅጽ አሳየን። «በራሴ ፈቃድ የመኝታ አገልግሎቱን ለቅቄአለሁ» ይላል፤ ከሥር ፊርማዋና ቀኑ አለ። ሌላ ምንም የለውም። ስለ ወጪ፣ ስለ መመለሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ኪራይ ውል አንዲት መስመር አልተጻፈበትም። አልጋው ለሌላ ተማሪ መሰጠቱን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሌላ ቦታ እንደማይኖር ነገረን። በሕጉ ልክ ነው፤ እኔም አልተከራከርኩም። ነገር ግን አንዲት ልጅ በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ በእንቅልፍ እጦት ላይ ሆና የፈረመችው አንድ መስመር ዓመቱን ሙሉ ሊያስራት አይገባም ነበር።

ይህ ለምን በአንደኛ ዓመት ላይ እንደሚከብድ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ትምህርት እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ወስዶ፣ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በአብዛኛው ባመጣው ውጤት ነው። በሦስተኛ ዓመት የሚመጣ ችግር ነጥብ ያጎድል ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚመጣ ችግር ግን ልጁ ምን ሆኖ እንደሚወጣ እስከ መወሰን ይደርሳል። በእኔ ግቢ ያደሩ ፍሬሽማኖች የሚያጠኑት በሌሊት ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ በስልካቸው ብርሃን ነው። ላይብረሪ እስከ ምሽት ክፍት ቢሆንም በዚያ የጨለማ መንገድ ብቻዋን መመለስ ያለባት ሴት ልጅ አትቆይበትም። ባለፈው የካቲት አንዷ ተከራዬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ እንዳለች ስልኳን ነጥቀዋታል፤ የአሳይመንቷ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ያቺ የታመመችው ልጅ የፈለገችውን የትምህርት ክፍል አላገኘችም። ምክንያቱ ቤቱ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ የሳተቻቸውን ክፍለ ጊዜያት ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

መከራየትን በደፈናው የምቃወም እንዳይመስላችሁ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ተመራርጠው ሲመጡ፣ ሰፈሩን አውቀው፣ ወጪያቸውን ሠርተው፣ ውሉን አንብበው ስለሚገቡ በሰላም ይኖራሉ። ከእነሱ መካከል የመመረቂያ ጽሑፉን በእኔ በረንዳ ላይ የጨረሰ ልጅ አለ፤ ዛሬም ለበዓል ይደውልልኛል። የጤና ችግር ያለበት፣ ልዩ ምግብ የሚያስፈልገው፣ ትዳር ያለው፣ ወይም በጫጫታ ጨርሶ ማጥናት የማይችል ተማሪ በመጀመሪያውም ዓመት ቢሆን ውጭ መኖር ሊሻለው ይችላል። እኔ የምለው ምርጫው በሁለት ሳምንት ልምድና በደላላ ምክር አይወሰን ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጆች ዶርም ውስጥ ለጥቂት ቀናት አድረው ነው ፍሬሽማን የሚሆኑት። ያ የፈተና ሰሞን ጭንቀት ስለ ዶርም ያላቸውን ሐሳብ ሁሉ ይዞት ይቀራል፤ ግቢ ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ግን ገና አልቀመሱትም።

በእኔ በኩል ስላለው ሕግም አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎቹ አያውቁትምና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል፤ አከራይ በፈለገው ቀን ዋጋ እንዳይጨምርና በፈለገው ቀን እንዳያስወጣም ይከለክላል። ከአዋጁ በፊት እኔ ራሴ የሦስት ወር ቅድሚያ እቀበል ነበር። ዛሬ ውሌን በወረዳ አስመዝግቤአለሁ፤ ክፍያ የምቀበለው በባንክ ነው። በሰፈሬ ግን አሁንም በቃል ብቻ የሚያከራይ፣ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ በፈተና ሰሞን «ዋጋ ጨምሬአለሁ፤ ካልተስማማችሁ ልቀቁ» የሚል ሰው አለ። መብቱን የማያውቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ያን ጊዜ ፍራሹን ጠቅልሎ ከመውጣት ሌላ የሚያደርገው ነገር የለውም። ቅጹን ስታስፈርሙት ይህን አዋጅ በአንድ ገጽ ጠቅልላችሁ ብትሰጡት፣ ደላላው ፊት ሲቆም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ዶርም የሌላችሁ የግል ኮሌጆች «ይህ እኛን አይመለከትም» እንደማትሉ ተስፋ አደርጋለሁ። የእናንተ ተማሪ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ ምርጫ የለውምና ከሁሉ በላይ ምክር የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሲመዘገብ ውላቸውን ያስመዘገቡ አከራዮችን ዝርዝር ብታሳዩት፣ በዓመት አንድ ጊዜም ሰው ልካችሁ ክፍሎቹን ብታዩ ብዙ ይቀላል። የእኔን በር እስከ ዛሬ ከኮሌጅ መጥቶ ያንኳኳ ሰው የለም።

«ባዶ አልጋ ይዘን አንጠብቅም፤ ወረፋ ላይ ያለው ብዙ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነት ነው። ነገር ግን አልጋው ባዶ ይቀመጥ አላልኩም። የለቀቀውን ቦታ ወረፋ ለሚጠብቀው ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር በጊዜያዊነት ስጡት፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር የለቀቀው ካልተመለሰ ያጽናው። የለቀቀው በመሀል ከታመመ ወይም ከአከራዩ ከተባረረ ግን የሚያርፍበት አንድ ወይም ሁለት ክፍል በየሕንፃው ይኑር። መልቀቂያ ቅጹንም ከሚድ ፈተና በፊት አትቀበሉ፤ የሐኪም ማስረጃ ያለው ሲቀር። እስከዚያ ድረስ ልጁ የዶርሙን ጫጫታ ይለምደዋል ወይም በእርግጥ እንደማይችለው ያረጋግጣል፤ ከሁለት አንዱን አውቆ ቢፈርም ፊርማው የራሱ ይሆናል። ቅጹ ላይ ደግሞ የሚከተሉት ይጻፉ፦ ዶርሙን ሲለቅ በወጪ መጋራቱ ላይ ምን እንደሚቀየር፣ ካፌውን መጠቀም ይችል እንደሆነ፣ የክሊኒኩ አገልግሎት በስንት ሰዓት እንደሚዘጋበት፣ እስከ መቼ መመለስ እንደሚችል፣ ሲታመም የሚደውልበት የፕሮክተር ስልክ። ወላጅ ይፈርም አልልም፤ ልጆቹ አዋቂዎች ናቸው። ወላጁ እንዲያውቅ አድርጓል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

ከዚሁ ጋር፣ ልጆቹን ወደ እኔ በር የሚገፏቸው ነገሮች ብዙዎቹ በትንሽ ገንዘብ የሚስተካከሉ መሆናቸውን ከስድስት ዓመት ወሬያቸው ተረድቻለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ስልክ በኮሪደር እንዲወራ የሚያስገድድ ደንብና ያንን የሚያስከብር ፕሮክተር፣ የማይሰበር የሎከር ቁልፍ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የትኋን መድኃኒት፣ በየፎቁ አንድ ሮቶ። ተከራዮቼን «ለምን ወጣችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ዶርም ጠበበን» ያለኝ አንድም የለም። የሚነግሩኝ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ውሃና ስለ ዕቃ መጥፋት ነው።

የዘንድሮዎቹ ፍሬሽማኖች ሲመጡ ሁለቱ ክፍሎቼ ይከፈታሉ። እስከዚያ ድረስ ከጽሕፈት ቤታችሁ ሰው ልካችሁ ክፍሎቹን፣ ሮቶውንና ከአስፋልቱ ያለውን መንገድ ብታዩ ደስ ይለኛል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። መንገዱን ለማየት ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል። በበኩሌ ከእንግዲህ ፍሬሽማን ሲመጣ ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ባጃጁ በስንት ሰዓት እንደሚቆም እነግረዋለሁ፤ አልጋውን ገና ካልለቀቀም ተመልሶ ግቢው ውስጥ አንድ ወር እንዲያድር እመክረዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት አከራይና የተማሪ እናት
ለሚ ኩራ፣ አዲስ አበባ